2,048 ቢት፦ ፋይዳ ሰውን ከሰው የሚለይበት ሒሳብና የጎጃም ደጋ

በደብረ ማርቆስ ለፋይዳ መታወቂያ የተመዘገበ ሰው የሂደቱን የፊት ገጽ አሳምሮ ያውቀዋል። ስሙንና የትውልድ ዘመኑን ይጠየቃል፤ አሥሩ ጣቶቹ መስተዋት ላይ ያርፋሉ፤ ሁለቱ ዓይኖቹና ፊቱ በካሜራ ይነሳሉ፤ ደረሰኙን ይዞ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚነግረው የለም። አንዱ ቁጥሩ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ቶሎ ይደርሰዋል፣ ሌላው ይቆይበታል፣ ሌላው ደግሞ እንደገና ቅረብ ይባላል። ምክንያቱን የጠየቀ የሚያገኘው መልስ በየመሥሪያ ቤቱ የለመድነው ነው፦ «ሲስተም ነው»።

ሲስተሙ በዚያ መሀል አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልሳል፤ ይህ ሰው ከዚህ በፊት ተመዝግቧል ወይ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አንድን ሰው ቀድመው ከተመዘገቡት ሁሉ ጋር አንድ በአንድ ማስተያየት ይጠይቃል። ይህን የሚቻል ያደረገው በፕሮግራም አጻጻፍ ውስጥ እጅግ ተራ የሚባል ነገር ነው፤ ዜሮና አንድን ያለ ምንም ክፍተት ጠጋግቶ የሚያስቀምጥ የቢት ድርድር። የማነጻጸሩ ፍጥነት፣ የስህተቱ ዓይነት፣ እንዲሁም ስህተቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ ከዚህ አቀማመጥ ይመነጫል። ስለዚህ ጉዳዩ ለፕሮግራመሮች ብቻ የሚተው አይደለም።

ከቀበሌ መዝገብ ወደ አገር መዝገብ

የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ በኋላ ፋይዳ ከሙከራ ወደ አገር አቀፍ ሥራ ተሸጋግሯል። የዓለም ባንክ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ለዚሁ ሥራ 350 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል። ዒላማው እስከ 2020 ዓ.ም. 90 ሚሊዮን ሰው መመዝገብ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. የተመዝጋቢው ቁጥር ከ10 ሚሊዮን አልፏል። በዚያው ዓመት ብሔራዊ ባንክ በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለሚከፍት ሰው ፋይዳን አስገዳጅ አድርጓል፤ አሠራሩም በየደረጃው ወደ ሌሎች አካባቢዎች እንዲሰፋ ተወስኗል። ሶፍትዌሩ እ.ኤ.አ. በ2018 ከሕንድ ባንጋሎር የተነሳው ሞሲፕ የተባለ ክፍት መድረክ ነው፤ ፊሊፒንስና ሞሮኮም ይጠቀሙበታል።

የቀበሌ መታወቂያ የአንድ ቀበሌ መዝገብ ነው። ጎዛምን ወረዳ ላይ መታወቂያ ያወጣ ሰው ቢቸና ሄዶ ሁለተኛ ቢያወጣ ሁለቱ መዝገቦች የሚተዋወቁበት መንገድ የለም። ፋይዳ ይህን ለመዝጋት ስምን አያምንም፤ ሊያምንም አይችልም። በምሥራቅ ጎጃም ብቻ ስማቸውም የአባታቸው ስምም አንድ የሆነ ስንት ሰዎች እንዳሉ ማንኛውም የትምህርት ቤት ሬጅስትራር ይመሰክራል። የትውልድ ዘመንም ለብዙ አረጋውያን ግምት ነው። የሚቀረው አካል ነው፤ ጣት፣ ፊት፣ ዓይን። ከሦስቱ ለብዙ ሕዝብ ማነጻጸሪያ በጣም የሚያመቸው በዓይን ብሌን ዙሪያ ያለው ቀለማም ቀለበት፣ አይሪስ ነው።

ዓይን እንዴት ቢት ይሆናል

የካምብሪጁ ጆን ዳውግማን እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ጥናት የአይሪስን ሥዕል ወደ 2,048 ቢት የሚቀይር ዘዴ አቀረበ። ዛሬ ይህን አገልግሎት የሚሸጡ ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ምስጢር ያለው ቀመር አላቸው፤ የዘርፉ መሠረት ግን ይኸው ነው። በቀለበቱ ላይ ያሉት መስመሮችና ነጠብጣቦች በየቦታቸው ይለካሉ፤ እያንዳንዱ ልኬት ለ«አዎ» 1፣ ለ«አይደለም» 0 ሆኖ ይመዘገባል። ሥዕሉ ይቀርና የዜሮና የአንድ ረድፍ ይተርፋል። ረድፉ ስለ ራሱ የሚናገረው ነገር የለውም፤ 700ኛው ቢት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ረድፉን የሠራው ኮድ ብቻ ነው።

ሁለት ዓይን ማነጻጸር ማለት ሁለት ረድፎችን ደራርቦ የሚለያዩባቸውን ቦታዎች መቁጠር ነው። በስምንት ቢት ብቻ እንየው፦

የመጀመሪያው ዓይን 10110010
ሁለተኛው ዓይን 10010110
ልዩነት 00100100

ከስምንቱ በሁለቱ ተለያይተዋል፤ ርቀታቸው ሁለት ለስምንት፣ 0.25 ነው። ልዩነቱን የሚያወጣው ስሌት ፕሮግራመሮች ኤክስ-ኦር የሚሉት ነው፤ ተመሳሳይ ከሆኑ 0፣ ከተለያዩ 1 ይሰጣል። የሁለት የተለያዩ ሰዎች ዓይኖች በአማካይ በግማሹ ቢት ይለያያሉ፤ ርቀታቸው 0.5 አካባቢ ያንዣብባል። ያው አንድ ዓይን ሁለቴ ቢነሳ ደግሞ ርቀቱ ከዚያ እጅግ ያነሰ ይሆናል፤ ዜሮ ግን አይሆንም፤ ብርሃኑም የጭንቅላቱ ዘንበል ማለትም ይለያያልና። ዘንበል ማለቱን ኮዱ የሚያርመው ረድፉን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያሽከረከረ ደጋግሞ በማነጻጸር ነው። ብዙ ሰው የሚጠይቀው የመንትዮች ጉዳይ እዚህ ችግር አይሆንም። የአንድ እንቁላል መንትዮች አይሪስ እንደ ባዕድ ሰዎች ይለያያል፤ የአንዱ ሰው ግራና ቀኝ ዓይን እንኳ አይመሳሰልም።

ጠጋግቶ ማስቀመጥ ምን ያተርፋል

ኮምፒውተር በአድራሻ ጠርቶ የሚያገኘው ትንሹ ነገር ባይት ነው፤ ስምንት ቢት። ስለዚህ በአብዛኛው የፕሮግራም ቋንቋ «አዎ ወይም አይደለም» የሚል አንድ መልስ ብቻውን ሲቀመጥ ሙሉ ባይት ይይዛል፤ ሰባቱ ቢት ባዶ ይቀራል። የቢት ድርድር ስምንቱንም ይሞላል። ዋጋው ለፕሮግራመሩ ትንሽ ተጨማሪ ሥራ ነው፤ የሚፈለገውን ቢት ለማግኘት ቁጥሩን ለ8 ወይም ለ64 አካፍሎ የትኛው ክፍል ውስጥ እንዳለ፣ ቀሪውን ወስዶ ስንተኛ ቦታ ላይ እንደተቀመጠ ማስላት።

አንድ ሰው ሁለት ዓይን አለው። ለእያንዳንዱ ዓይን 2,048 የኮድ ቢት አለ፤ ኋላ የምንመለስበት 2,048 የማስክ ቢትም አለ። ድምሩ 8,192 ቢት፣ በባይት 1,024 ይሆናል። የ90 ሚሊዮን ሰው 92 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ በአንድ ደህና ሰርቨር ሜሞሪ ውስጥ ይገባል። ለእያንዳንዱ ቢት አንድ ባይት ቢሰጥ 737 ጊጋባይት ይሆናል። ጀማሪ ፕሮግራመር በተለመደው የፓይተን ዝርዝር ቢደረድረው ደግሞ እያንዳንዱ ቢት ስምንት ባይት ስለሚበላ 6 ቴራባይት ይጠጋል። መረጃው ያው ነው፤ የተለየው አቀማመጡ ብቻ ነው።

ከቦታው ይልቅ ጊዜው ይበልጥ ወሳኝ ነው። የዛሬ ፕሮሰሰር 64 ቢት በአንድ ጊዜ ያነሳል። 2,048 ቢት በ32 እርምጃ ይነጻጸራል፤ የተለያዩትን መቁጠርም እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ በተለመዱት ፕሮሰሰሮች ውስጥ ራሱን የቻለ አንድ ትእዛዝ ነው። አንድ የፕሮሰሰር ኮር በሰከንድ ሚሊዮን ማነጻጸር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። አዲሱን ተመዝጋቢ ከ90 ሚሊዮን ጋር ማስተያየት ለአንድ ኮር የደቂቃ ተኩል ሥራ ነው፤ መቶ ኮር ቢካፈለው ከሰከንድ ያነሰ። ሕንድ በአድሃር መርሐ ግብሯ ከቢሊዮን በላይ ሰው ስትመዘግብ አይሪስን ከጣት አሻራ ጋር አብራ የወሰደችው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጠጋግቶ ማስቀመጥ የራሱ ጦስ አለው። 92 ጊጋባይት ማለት የ90 ሚሊዮን ሰው ዓይን በአንድ ተራ ውጫዊ ዲስክ፣ በኪስ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የማድሪድ ተመራማሪዎች ከእንዲህ ዓይነት ኮድ ወደ ኋላ ተነስተው ማነጻጸሪያውን የሚያሳስት ሰው ሠራሽ የአይሪስ ሥዕል መሥራት እንደሚቻል አሳይተዋል። «ቢት ብቻ ስለሆነ ሥዕሉ አይመለስም» የሚለው የቆየ ማጽናኛ ከዚያ ወዲህ ዋጋ የለውም። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ዓይን አይቀየርም።

የጎጃም ዓይኖችና ማስኩ

አሁን ወደ ማስኩ። ከዓይን ሥዕል ላይ ሁሉም ቦታ አይታመንም፤ ሽፋሽፍት ይጋርዳል፣ የዓይን ቆብ ይወርዳል፣ የመብራት ነጸብራቅ ያርፍበታል። ስለዚህ ከኮዱ ጎን ሌላ የቢት ረድፍ ይቀመጣል፤ 1 ያለበት ቦታ «ይቆጠር»፣ 0 ያለበት «ይታለፍ» ይላል። ከላይ ባየነው ምሳሌ ማስኩ 11111001 ቢሆን ስድስተኛውና ሰባተኛው ቢት ከቆጠራው ይወጣሉ። ከተቆጠሩት ስድስት ቢቶች ልዩነት ያለው አንዱ ብቻ ይሆናል፤ ርቀቱም ከ0.25 ወደ 0.17 ይወርዳል። ዓይኖቹ ይበልጥ የተመሳሰሉ መሰሉ፤ በእርግጥ የሆነው ግን ማስረጃው መቀነሱ ነው።

ይህ ለምሥራቅና ለምዕራብ ጎጃም የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ አይደለም። አማራ ክልል በዓለም ላይ በትራኮማ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። ሕመሙ ሲቆይ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ የዓይንን ፊት ይፈትጋል፤ ከጊዜ በኋላ ነጭ ጠባሳ ይጋርደዋል። ከሌሎች ይልቅ ሴቶችንና አረጋውያንን የሚያጠቃውም ይህ ደረጃው ነው። ካሜራው እንዲህ ያለውን ዓይን ሲያነሳ ማስኩ በዜሮ ይሞላል። ጣቶቹም አይረዱም፤ ከልጅነት ጀምሮ ዕርፍና ማጭድ ሲጨብጡ፣ ድንጋይ ሲለቅሙ የኖሩ እጆች መስመራቸው ያልቃል። ከደብረ ማርቆስ ከተማ የመጣ ተማሪና ከጮቄ ተራራ ግርጌ የወረዱ የ70 ዓመት አዛውንት በአንድ ካሜራ ፊት ይቀመጣሉ፤ ትተው የሚሄዱት የማስረጃ መጠን ግን አንድ አይደለም።

ዳውግማን ራሱ ይህን አይቶ እርማት አስገብቷል። በአንድ ማነጻጸር የሚቆጠሩት ቢቶች በአማካይ 911 ናቸው፤ ከዚያ ሲያንሱ ውጤቱ ወደ 0.5 እንዲገፋ ይደረጋል። 911 ቢት ተቆጥሮ የተገኘ 0.30 እንዳለ ይቆያል። ያው 0.30 ከ300 ቢት ብቻ የተገኘ ከሆነ ግን ወደ 0.385 ይወጣል፤ ያም «ሌላ ሰው ነው» የሚያሰኝ ቁጥር ነው። እርማቱ ትክክለኛ ነው፤ በጥቂት ማስረጃ ሰውን «ቀድሞ የተመዘገበ» ብሎ ከማሰናከል ያድናል። ነገር ግን ሸክሙን አያጠፋውም፣ ቦታ ያዛውረዋል። ዓይናቸው የተጎዳ ሰው ሲመዘገቡ ያልፋሉ፤ ከወራት በኋላ ባንክ ቀርበው «እኔ ነኝ» ሲሉ ያው ኮድ ራሳቸውን ከራሳቸው ጋር ማመሳሰል ያቅተዋል። ምዝገባው ተሳካ ተብሎ በሪፖርት የተቆጠረው ሰው በተግባር መታወቂያው የማይሠራለት ሰው ሊሆን ይችላል።

መስመሩ የት ይሰመር

ከስንት ርቀት በታች ነው ሁለት ዓይን «አንድ ሰው» የሚባለው? በሶፍትዌሩ ቅንብር ውስጥ ይህ አንዲት ቁጥር ናት። ዳውግማን ባሳተመው ሠንጠረዥ መስመሩ 0.32 ላይ ቢሆን የሁለት የተለያዩ ሰዎች ዓይኖች በስህተት የሚገጥሙት ከ26 ሚሊዮን ማነጻጸር በአንዱ ነው። ይህ በጣም ጥሩ ይመስላል፤ ለድንበር ኬላ ወይም ለአንድ መሥሪያ ቤት በር በእርግጥም ጥሩ ነው። መዝገቡ ውስጥ 90 ሚሊዮን ሰው ሲኖር ግን እያንዳንዱ አዲስ ተመዝጋቢ በአማካይ ከሦስት ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር «ይገጥማል»። ሳይጠረጠር የሚያልፍ እምብዛም አይኖርም ማለት ነው።

መስመሩ ወደ 0.30 ቢወርድ ስህተቱ ከ1.5 ቢሊዮን አንድ ይሆናል። በ90 ሚሊዮን መዝገብ ላይ ከመቶ አዲስ ተመዝጋቢዎች ስድስቱ በሐሰት ይያዛሉ። 0.28 ላይ ከ100 ቢሊዮን አንድ ነው፤ ከሺህ ተመዝጋቢ አንዱ ገደማ። እነዚህ ቁጥሮች ለአንድ ዓይን ብቻ ናቸው። ሁለት ዓይን፣ አሥር ጣትና ፊት ሲደመሩ ውጤቱ እጅግ ይሻሻላል፤ አሥራ ሦስት የአካል መረጃ የሚሰበሰበውም ለዚህ ነው። አቅጣጫው ግን አይለወጥም። በ10 ሚሊዮን ተመዝጋቢ ጊዜ የሚበቃ መስመር በ90 ሚሊዮን ጊዜ አይበቃም፤ መዝገቡ ባደገ ቁጥር መስመሩ መጥበቅ አለበት፣ በጠበቀ ቁጥር ደግሞ ደካማ ሥዕል የሰጡ ሰዎች ከራሳቸው ጋር መግጠም ያዳግታቸዋል። በእኔ ግምት የዚህች ቁጥር ምርጫ የመሐንዲስ ውሳኔ ተብሎ የሚተው አይደለም። ማን ይጉላላ፣ ማንስ ሁለቴ ይመዝገብ የሚለውን የምትወስን የፖሊሲ ቁጥር ናት።

ማሽኑ ያመነታባቸውን በመጨረሻ የሚፈታው ሰው ነው። በሞሲፕ አሠራር የተጠረጠሩ ጥንዶች ወደ እጅ ማጣራት ይላካሉ፤ ሠራተኛ ሁለቱን ፎቶና መረጃ ጎን ለጎን አይቶ ይፈርዳል። ለምሳሌ ያህል በቀን 50 ሺህ ሰው ቢመዘገብና ከመቶ ስድስቱ ቢጠረጠሩ፣ ለእያንዳንዱም አሥር ደቂቃ ቢያስፈልግ፣ በቀን 500 የሥራ ሰዓት ነው፤ ከ60 በላይ ሠራተኛ ሙሉ ቀን። ከሺህ አንድ ቢሆን ግን አንድ ሠራተኛ ይበቃል። «ሲስተም ነው» ከሚባለው መዘግየት ጀርባ ይህም ወረፋ አለ።

መስመር ሲቋረጥ

ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለው የደብረ ማርቆስ አካባቢ ሌላም ችግር አለበት። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት ሳቢያ የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። የሞሲፕ የመመዝገቢያ ሶፍትዌር ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ መረጃውን አመስጥሮ በኮምፒውተሩ ላይ ያቆይና መስመር ሲገኝ ይልካል። ሥራው አይቆምም። ችግሩ የሥዕሉ ጉድለት የሚታወቀው ባለቤቱ አገሩ ከገባ በኋላ መሆኑ ነው። ደጀን ወይም ሞጣ ላይ የተነሳ ደብዛዛ ዓይን ከሳምንታት በኋላ ቢወድቅ፣ ሰውየውን እንደገና ለመጥራት መንገዱም ጸጥታውም ይጠይቃል።

ለማረጋገጡ ጎን ግን እዚሁ የቢት ድርድር መፍትሔ አለው። ደብሊው ስሪ ሲ የተባለው የድረ ገጽ መስፈርት አውጪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ያጸደቀው አንድ መስፈርት የዲጂታል ሰነዶችን መሰረዝ በቢት ረድፍ ያስቀምጣል። እያንዳንዱ ሰነድ የራሱ ተራ ቁጥር አለው፤ በዚያ ቦታ 0 ካለ ሰነዱ ይሠራል፣ 1 ካለ ተሰርዟል። ትንሹ ረድፍ 131,072 ቢት፣ ማለትም 16 ኪሎባይት ነው። 90 ሚሊዮን ሰነድ ሳይጨመቅ እንኳ 11 ሜጋባይት ከሩብ ብቻ ይይዛል፤ አንድ አጭር ቪዲዮ ያህል። የሉማሜ የብድርና ቁጠባ ቅርንጫፍ ሌሊት መስመር ሲኖር አውርዶት ቀኑን ሙሉ ያለ ኔትወርክ ሊሠራበት ይችላል። የግላዊነት ጥቅምም አለው፤ ስለ አንድ ሰው ብቻ በጠየቀ ቁጥር ማዕከሉ ሰውየው የት እንዳለ ያውቃል፣ ሙሉውን ረድፍ የሚያወርድ ግን ማንን እንደፈለገ አይታወቅም።

እዚህ ላይ ኮድ ጸሐፊው ሊጠነቀቅለት የሚገባ ወጥመድ አለ። ስምንት ሰነዶች አንድ ባይት ይጋራሉ፤ ፕሮሰሰሩ አንዷን ቢት ብቻ ነጥሎ መጻፍ ስለማይችል ባይቱን በሙሉ ያነሳል፣ ይቀይራል፣ መልሶ ያስቀምጣል። በመቀናጆ እንደማረስ ነው፤ የራስን በሬ ለማዞር የባልንጀራንም በሬ ማዞር ግድ ይላል። ሁለት ሠራተኞች በአንድ ቅጽበት ጎረቤታም ሰነዶችን ቢሰርዙ፣ ኋላ የጻፈው የፊተኛውን ሥራ ሳያውቀው ያጠፋዋል። ተሰረዘ የተባለ መታወቂያ ሳይሰረዝ ይቀራል፤ ስህተት የሚል መልእክትም አይመጣም። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ጽሑፉን በማይከፋፈል አንድ ትእዛዝ መፈጸም ወይም ጸሐፊዎቹን ማሰለፍ። በፈተና ወቅት ግን አይታይም፤ የሚታየው ሥራ ሲበዛ ነው።

ወዴት ያመራል

ሦስት መንገዶች ይታያሉ። አንደኛው፣ የ2020 ዓ.ም. ዒላማ ቀዳሚ ሆኖ ሥዕል ሳይጠራ ማሳለፍ፣ የማይነበበውን ጣትና ዓይን «የለም» ብሎ መዝለል ነው። ሶፍትዌሩ አካል ለጎደለባቸው ሰዎች ብሎ ይህን ይፈቅዳል፤ ረጅም ሰልፍ ለሚጠብቀው መዝጋቢም ደጋግሞ ከማንሳት ይቀለዋል። ውጤቱ በሪፖርት ያማረ፣ ድርብ ምዝገባ የሚያመልጥበት መዝገብ ነው። ሁለተኛው፣ መስመሩን አጥብቆ የጥራት ደረጃውን ከፍ ማድረግ ነው፤ መዝገቡ ይነጻል፣ አረጋውያንና ዓይናቸው የታመመ ሰዎች ይመላለሳሉ። ሦስተኛው ሁለቱን ለያይቶ መያዝ ነው፤ ለድርብ ምዝገባ ፍለጋው ጥብቅ መስመር፣ በባንክና በጤና ተቋም ለሚደረገው ማረጋገጫ ደግሞ ከዓይንና ከጣት ሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር ወይም በምስክር ፊት የሚደረግ ማጣራት።

ሦስተኛው የተሻለ ነው፤ የመሆን ዕድሉ ግን በከተማና በገጠር እኩል አይደለም። ደብረ ማርቆስ ከተማ ላይ ባንኮችና ዩኒቨርሲቲው ስላሉ ምዝገባው በደህና ካሜራና በተረጋጋ መስመር ሊሄድ ይችላል። ከከተማው ወጣ ሲባል ስልክ የሌለው ሰው ይበዛል፤ አማራጭ የተባለው የስልክ ቁጥርም ለእነዚሁ ሰዎች አይደርስም። ስለዚህ ለምሥራቅ ጎጃም የሰርቨሩ አቅም ዋናው ጥያቄ አይደለም፤ 92 ጊጋባይቱን የሚሸከም ማሽን በቀላሉ ይገኛል። የሚያሳስበው በየወረዳው ከተመዘገበው ሰው ስንቱ በደካማ ማስክ እንደገባ፣ ስንቱ በእጅ ማጣራት ላይ እንደቆመ፣ ስንቱስ በኋላ ራሱን ማረጋገጥ እንዳቃተው ነው። ቁጥሮቹ ከሥርዓቱ ውስጥ ያለ ተጨማሪ ድካም ይወጣሉ፤ ማስኩ ራሱ የተቆጠሩትን ቢቶች ልክ ይዟልና። በዞንና በዕድሜ ተለይተው በየሩብ ዓመቱ ቢወጡ የትራኮማ ቀዶ ሕክምና ዘመቻ በሚደርስባቸው ወረዳዎች ምዝገባውን ከሕክምናው በኋላ ማድረግ ይሻል እንደሆነ የዞኑ ጤና መምሪያና መዝጋቢው አካል በማስረጃ መነጋገር ይችላሉ።